ዓሣው በየት በኩል ይለፍ? ስለ ግድብና ዓሣ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ግድብና ስለ ዓሣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጸሐፊው ብዕር ይጥማል። የሚሉትም ላይ ላዩን ሲታይ ልክ ይመስላል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚሁ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ግድብ ውሃ ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋም፤ ስለዚህ ዓሣው ከግድቡ ኋላ በተፈጠረው ሐይቅ ይኑር ይላሉ። የግድ ማለፍ ካለበት መሰላል፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ የተደረደሩ የውሃ ገንዳዎች፣ ይሠራለትና ጉዳዩ ይዘጋ። ሲመለስ ውሃው ራሱ ይዞት ይወርዳል። ቁጥሩ ካነሰ ጫጩት አርብቶ መጨመር ነው። ወንዝ የሚያቋርጡ ትንንሽ እርከኖችና ከመንገድ ሥር የተቀበሩ ቱቦዎች ከቁም ነገር አይገቡም። ለዓሣ ተብሎ የሚለቀቅ ውሃ ከሰው አፍ የሚነጠቅ ነው። በመጨረሻም፣ ለመቶ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ወንዝ ቢከፈት እንኳ ዓሣው መንገዱን ረስቶታል ብለው ይደመድማሉ።

በየተራ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ሐይቁ ውስጥ ይኑር» ከሚለው ልጀምር። የሚኖር ዓሣ አለ። ቲላፒያ ለምሳሌ የቆመ ውሃ ይስማማዋል፤ አዲስ ሐይቅ ሲያገኝ ይራባል። ጸሐፊው ያዩት እሱን ከሆነ አልፈርድባቸውም። ሌላው ዓሣ ግን እንዴት እንደሚወለድ እንይ።

ሳልመን ባሕር ውስጥ አድጎ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል በጎኗ ትጋደማለች። በጭራዋ ጠጠሩን እየመታች ጉድጓድ ትቆፍራለች። እንቁላሉን ትጥላለች፤ ወንዱ ወዲያው ዘሩን ይለቅበታል። ከዚያ ወደ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብላ እንደገና ትቆፍራለች። የሚነሳው ጠጠር በውሃው ተገፍቶ ይመጣና እንቁላሉን ይሸፍነዋል። እንቁላሉ ለወራት የሚተነፍሰው በጠጠሮቹ መሃል እየተሽሎከለከ በሚያልፈው ንጹሕ ውሃ ነው። አሁን ይህን ወንዝ አቁሙት። ውሃው ሲቆም ደለል ይዘቅጣል። ደለሉ በጠጠሩ መሃል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል። እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ውሃው ግን አለ፤ እንዲያውም ከበፊቱ በዝቷል።

ይህ የቀዝቃዛ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በእስያው ሜኮንግና በደቡብ አሜሪካው ፓራና ወንዞች ብዙ ትልልቅ ዓሦች እንቁላላቸውን ለወንዙ ይለቁታል። እንቁላሉ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ፣ እየተፈለፈለ፣ ረጅም ርቀት ይወርዳል። የቆመ ሐይቅ ውስጥ ከገባ ግን ይሰጥማል። ጣና ውስጥ ካሉት ላቤዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎችም ከፊሎቹ ዓመቱን ሐይቅ ውስጥ ኖረው ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ሐይቅ እያላቸው ማለት ነው። ሐይቁ መኖሪያቸው ነው፣ ወንዙ ደግሞ መውለጃቸው።

ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የአውሮፓው ኢል የሚራባው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ሳርጋሶ ባሕር በሚባለው አካባቢ ነው። ጫጩቱ ውቅያኖሱን አቋርጦ፣ እንደ መስታወት ሰውነቱ ብርሃን እያሳለፈ፣ ወንዝ አፍ ይደርሳል። በጨው አልባ ውሃ ብዙ ዓመት ያድጋል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ለመራባት ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ከግድብ ኋላ ተዘግቶ የቀረ ኢል እስኪያረጅ ሊኖር ይችላል፤ ልጅ ግን አይኖረውም። ዛሬ የአውሮፓ ኢል ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የተዘጋ ወንዝ አንዱ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ መሰላሉ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ወደ ላይ የሚሄድ ዓሣ የሚመራው በውሃው ግፊት ነው። ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ይዋኛል። ግድብ ሥር ውሃ በብዛት የሚመጣው ከየት ነው? ከተርባይኑ መውጫ። ስለዚህ ዓሣው እዚያ ይሄዳል። መሰላሉ ግን ብዙ ጊዜ ለግንባታ በተመቸበት ጥግ፣ ከተርባይኑ ፈንጠር ብሎ ይሠራል። ከአፉ የሚወጣውም ውሃ ቀጭን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ዓሣው በር ተከፍቶለት እያለ ግድግዳ ሥር ቀናት ያሳልፋል። ሳልመን ደግሞ ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ ያቆማል። ስንቁ ከባሕር ይዞት የመጣው ስብ ነው። በከንቱ የቆመበት እያንዳንዱ ቀን ከዚያ ስንቅ ላይ ይቀነሳል። ዘግይቶ መሰላሉን ቢያገኘው እንኳ እንቁላል የሚጥልበት አቅም ላይተርፈው ይችላል።

ከዚያ የመሰላሉ እርከን ነገር ይመጣል። ሳልመን ይዘላል። አብዛኛው ዓሣ አይዘልም። ማንኛውም ዓሣ ባለ በሌለ ኃይሉ መዋኘት የሚችለው ለሰከንዶች ብቻ ነው፤ ከዚያ ጡንቻው ይዝላል፣ ማረፍ አለበት። ትንሹ ዓሣ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ በአንዱ ገንዳና በሌላው መሃል ያለው ከፍታ፣ የውሃው ፍጥነት፣ የማረፊያው ስፋት፣ ሁሉም የሚለካው በዚያ ወንዝ ውስጥ ባለው ደካማ ዋናተኛ ነው። ጥሩ ከሚባሉት አሠራሮች አንዱ በገንዳዎቹ መሃል ያለውን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በቀጭኑ መሰንጠቅ ነው። በወለሉ በኩል መሄድ የለመደው በወለሉ፣ በላይ በኩል የለመደውም በላይ በኩል ያልፋል። ማንም ለመዝለል አይገደድም።

ይህ ሳይታሰብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ታይላንድ ውስጥ ታይቷል። በ1994 ሥራ የጀመረው የፓክ ሙን ግድብ መሰላል ነበረው። የሜኮንግ ዓሦች ግን እንደታሰበው አልወጡበትም። ዓሣ አስጋሪዎቹ ኑሯቸው ተናጋ፤ ለዓመታት ጮኹ። በ2001 የግድቡ በሮች ለጊዜው ሲከፈቱ ዓሦቹ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካም መሰላል በተሠራላቸው ሦስት ትልልቅ ወንዞች ሻድ የሚባለው ዓሣ ተቆጥሮ ነበር። በ2013 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ከመጀመሪያው ግድብ ተነስቶ መራቢያው ድረስ የዘለቀው ከመቶው ሦስት እንኳ አልሞላም።

ታዲያ መሰላል ከንቱ ነው እያልኩ ነው? በፍጹም። አውስትራሊያ ውስጥ መሪ የሚባለውን ወንዝ ተመልከቱ። እዚያ መጀመሪያ የተሠሩት መተላለፊያዎች ለሳልመን የተነደፉትን የገለበጡ ነበሩ። ሳልመን በሌለበት ወንዝ! አልሠሩም። በኋላ ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ዓሦች አቅም ለክተው፣ እርከኑን አለዝበው እንደገና ጀመሩ። ከ2001 አንስቶ በየመዝጊያው መተላለፊያ እየተሠራ ከባሕሩ እስከ ሂዩም ግድብ ድረስ 2,225 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝ ለዓሦች ተከፈተ። ብራዚልና ፓራጓይ ድንበር ላይ ባለው ኢታይፑ ግድብ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ግማሹ የተፈጥሮ ጅረት የሆነ ቦይ ከ2002 ጀምሮ ዓሦችን 120 ሜትር ከፍታ ያሻግራል።

ስለዚህ «መሰላል አለው» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃኝም። ስንት ዓሣ ግድቡ ሥር ደረሰ? ስንቱ አፉን አገኘ? ስንቱ ጫፍ ወጣ? ስንት ቀን ፈጀበት? ይህ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል መለያ ዓሣው ሰውነት ውስጥ ትቀመጥና በመተላለፊያው አፍና ጫፍ ያለ አንቴና ያነብባታል።

«ሲመለስ ውሃው ይዞት ይወርዳል» የሚለው ነው ከሁሉ ያሳዘነኝ። ውሃው ይዞት የሚወርደው ወዴት ነው? ወደ ተርባይኑ።

የምላጩ ምት የመጀመሪያው አደጋ ነው። ዓሣው በረዘመ ቁጥር የመመታት ዕድሉ ይጨምራል፤ ኢል ደግሞ ረጅም ነው። ሁለተኛው አደጋ በዓይን አይታይም። አብዛኛው ዓሣ ሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት አለው፤ በውሃ ውስጥ ሳይሰጥምና ሳይንሳፈፍ የሚቆመው በሱ ነው። ተርባይኑን ሲያልፍ የውሃው ጫና በቅጽበት ይወድቃል። ጫና ሲወድቅ አየር ይለጠጣል። ከረጢቱ ይነፋል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ዓይኑ ወደ ውጭ ይገፋል። ከላይ ሲታይ ቁስል የሌለው ዓሣ ታች ላይ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ዝቅተኛ መሬትን ከጎርፍ የሚያድኑ ፓምፖችም በየበኩላቸው ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ፤ በፍጥነት የሚሽከረከር ፓምፕ ለኢል ወፍጮ ነው።

መፍትሔ አለ፤ ያውም የታወቀ። ከተርባይኑ ፊት ጠባብ ፍርግርግ ይሠራል። ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዘመም ብሎ ይቆማል፤ ዓሣው በጎኑ እየታከከ ጫፉ ላይ ወዳለው ማለፊያ ይመራል። ፓምፑን በዝግታ በሚሽከረከር ጠመዝማዛ ወይም ለዓሣ ተብሎ በተነደፈ ፓምፕ መቀየር ይቻላል። አዋቂ ኢል ወደ ባሕር የሚወርደው በአብዛኛው በመጸው፣ ወንዙ ሲሞላ፣ በጨለማ ሌሊት ነው። እነዚያን ሌሊቶች ለይቶ ማሽኑን ማቀዝቀዝ ወይም ማቆም የሚጠይቀው የቀን መቁጠሪያና የውሃ ልኬት ብቻ ነው።

ጫጩት አርብቶ መጨመር የሚለውን በአንድ ምሳሌ ልለፈው። በ1981 ቻይና ያንግዜ ወንዝ ላይ የገዡባ ግድብ ሲዘጋ የቻይና ስተርጀን የሚባለው ዓሣ ከመራቢያው ተቆረጠ። በመተላለፊያ ፈንታ የተመረጠው ጫጩት ማራባት ነበር። ለአሥርት ዓመታት ሚሊዮኖች ተለቀቁ። ከ2017 ወዲህ ግን ስተርጀኑ ወንዙ ውስጥ ራሱ ስለመራባቱ ምልክት ጠፍቷል። የዚያው ወንዝ ሌላ ነዋሪ፣ የቻይና ፓድልፊሽ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየው በ2003 ነው። በ2022 መጥፋቱ በይፋ ተመዘገበ። ማራቢያ ጣቢያ ጊዜ ሊገዛ ይችላል። መንገድ ግን አይሆንም።

አንድ ነገር ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸውና ልመስክር። በመሃል ላይ፣ ሁሉም በር ይከፈት ማለት ወራሪ ዓሣንም ማስገባት ነው ብለዋል። እውነት ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላምፕሬይ የሚባል ደም መጣጭ ገብቶ የዓሣ ሀብቱን አድቅቆታል፤ እዚያ ወንዞች ላይ ያሉ አንዳንድ መዝጊያዎች እሱን ስለሚገቱ ሆን ተብሎ ተጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሳያጣሩ መክፈት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ይህ ግን ወንዝ በወንዝ የሚታይ ነገር ነው። ለአንድ ሐይቅ የሠራው ምክንያት ለወንዝ ሁሉ ቁልፍ አይሆንም።

አሁን ወደ ትንንሾቹ። በ2020 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በ36 የአውሮፓ አገሮች ወንዞች ላይ ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን መሰናክሎች እንዳሉ ገመተ። ከእነዚህ 68 በመቶው ከፍታቸው ከ2 ሜትር በታች ነው። ትልልቆቹ ግድቦች ፎቶ ይነሳሉ፤ ወንዙን የቆራረጡት ግን በብዛት እነዚህ ስም የለሽ እርከኖች ናቸው። ብዙዎቹ የቆሙለት ሥራ ከቀረ ቆይቷል።

ከመንገድ ሥር ያለ አንድ ቱቦ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሲሠራ ከጅረቱ ወለል ጋር እኩል ነበር። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ውሃው በፍጥነት ይወጣል፤ እየወጣ ከሥሩ ያለውን አፈር ይበላል። ከዓመታት በኋላ የቱቦው ከንፈር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከሥሩ ኩሬ፣ ከላዩ አንድ ክንድ የሚሆን ፏፏቴ። ለእኛ አንድ እርምጃ ነው። ጣት ለምታክል ዓሣ ገደል ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ነባር ሕዝቦች እነዚህ ቱቦዎች በውል የተሰጠንን ዓሣ የማስገር መብት ባዶ አደረጉት ብለው ግዛቱን ከሰሱ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 የነባር ሕዝቦቹ ድል ጸና፤ ግዛቱ ቱቦዎቹን የመቀየር ግዴታ አለበት።

ሒሳቡንም እንሥራው። አንድ እርከን ከመቶ ዓሣ 80ውን ያሳልፋል እንበል። ጥሩ ይመስላል። አሥር እንዲህ ያለ እርከን በተከታታይ ካለ ግን መጨረሻው ላይ የሚደርሰው 11 ያህል ብቻ ነው።

ዓሣው ብቻውን እንደማይጓዝም ልጨምር። ሙስል የሚባሉት ባለ ዛጎል የወንዝ እንስሳት ጨቅላቸው ዓሣ ስንጥብ ላይ ተጣብቆ ነው የሚጓዘው፤ ሳምንታት ቆይቶ ረግፎ ይወርድና ኑሮውን ይጀምራል። ዓሣው የቆመበት ቦታ ላይ ሙስሉም ይቆማል። ሙስል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ የሚያጣራ ፍጥረት ነው።

«ከሰው አፍ የሚነጠቅ ውሃ» የሚለው ልብ ይነካል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልመልስ። መብራትም መስኖም ያስፈልጋል። ይህን አልክድም። ግን ዓሣውስ ለማን ነው? በታችኛው ሜኮንግ ሚሊዮኖች ቤተሰባቸውን የሚመግቡት ከወንዝ በሚወጣ ዓሣ ነው። ዓሣው ሲቀር ከሰው አፍ የተነጠቀው ያ ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ እንደሚቻልም ተሠርቶ ታይቷል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ፔኖብስኮት ወንዝ ላይ ነባሮቹ የፔኖብስኮት ሕዝቦች፣ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት፣ የመብራት ኩባንያውና መንግሥት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ግድቦች በ2012 እና በ2013 ፈረሱ። ሦስተኛው በጎኑ ሰው ሠራሽ ጅረት ተሠራለት። በቀሩት ግድቦች ላይ የማመንጨት አቅም ስለተጨመረ የአካባቢው የኃይል ምርት በጠቅላላ አልቀነሰም። ወንዙን የሚወጣው ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ግን ከጥቂት ሺዎች ተነስቶ ሚሊዮኖች ሆነ። ኔዘርላንድስ ውስጥም ወንዙን ከባሕር የሚለዩት የሃሪንግፍሊት በሮች ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ወንዙ በቂ ውሃ ሲኖረው ገርበብ ይደረጋሉ። ከዚያ በፊት ለእርሻና ለመጠጥ ውሃ የሚቀዳባቸው ቦታዎች ጨው ወደማይደርስበት ወደ ውስጥ ተዛውረዋል። መጀመሪያ የሰውን ውሃ አስጠበቁ፤ ቀጥለው ለዓሣው በሩን ገርበብ አደረጉ።

አንዳንዴ ደግሞ ተጨማሪ ውሃም፣ ግንባታም አያስፈልግም። በዚያው በኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት ከተማ መሃል አንድ የቆየ የጀልባ መተላለፊያ አለ። በአውሮፓ ጸደይ፣ ማለትም ከመጋቢት ጀምሮ ባሉት ወራት፣ ጀልባ ስለማይበዛ በሩ ተዘግቶ ይቆያል። ዓሣ የሚወጣው ግን በጸደይ ነው። በሩ ሥር ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ የውሃ ወፎች ይለቅሙታል። በ2021 በሩ ሥር ካሜራ ተተከለ። ማንም ሰው ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት ያያል። ዓሣ ሲመጣ የደወል ምልክቷን ይጫናል፤ መልእክቱ ከነፎቶው በሩን ለሚቆጣጠሩት ይደርሳል፤ ዓሣ መከማቸቱ ሲታይ በሩ ይከፈታል። በየዓመቱ ከዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ ደብዛዛ አረንጓዴ ውሃ ይመለከታል። እኔም ካያችሁት በኋላ የማትለቁት ነገር እንደሆነ እመሰክራለሁ። ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ አንድ ጭራ ብቅ ትላለች።

የቀረው የመጨረሻው ነጥባቸው ነው፤ ዓሣው መንገዱን ረስቶታል የሚለው። ሳልመን የተወለደበትን ጅረት የሚለየው በማሽተት ነው፤ በጫጩትነቱ ያሸተተውን ሽታ ከዓመታት በኋላ ተከትሎ ይመለሳል። ከመሃላቸው ግን ሁልጊዜ ጥቂቶች ወደ ሌላ ጅረት ይገባሉ። አዲስ የተከፈተ ወንዝ የሚያገኙት እነዚያ ናቸው። በዋሽንግተን ግዛት ኤልዋ ወንዝ ላይ ደግሞ ለመቶ ዓመት ገደማ ከግድብ በላይ ተዘግተው የኖሩ ትራውት የሚባለው ዓሣ ዘሮች ነበሩ። ግድቦቹ ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ሲፈርሱ ከዘሮቹ መካከል ወደ ባሕር ወርደው፣ አድገው፣ የተመለሱ ተገኙ።

በምዕራብ አሜሪካ በክላማት ወንዝ ላይ የነበሩት አራት ግድቦች የማፍረስ ሥራ ያለቀው በ2024 ጥቅምት መጀመሪያ ነው። በዚያው ወር አጋማሽ የኦሪገን ግዛት ባለሙያዎች የቀድሞዎቹን ግድቦች ሁሉ ያለፈ ሳልመን አንድ ትንሽ ገባር ጅረት ውስጥ አገኙ። ቦታው ከባሕሩ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከባሕር የሚመጣ ዓሣ እዚያ አካባቢ ለመጨረሻ ጊዜ የደረሰው በ1912 ነበር።